ጡረታ አንድ ረጅም እሁድ አይደለም

ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ጋሽዬ እንደ ወትሯቸው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሡ። ጢማቸውን ተላጩ፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ፣ ከረባታቸውን አሰሩ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እስከ ግቢው በር ድረስ መጡ። እዚያ ቆሙ። ወደ ሥራ ልወጣ ስል ያገኘኋቸው እንደዚያ ሆነው ነው፤ አንድ እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ፣ ዐይናቸው መንገዱ ላይ።

«ጋሽዬ፣ ወዴት ነው በማለዳ?» አልኳቸው።

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አሉኝ።

ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በነበረው ሰፈራችን፣ እኚህን ሰው ሁሉም የሚጠራቸው ጋሽዬ እያለ ነው። 36 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ሠርተዋል። ያን ቀን ወደ ቤት ተመልሰው፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳ እስኪደርስ ጠበቁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤታቸው እትዬ፣ እናቴን ቡና ላይ ይዘው አማረሩ። «ቤቴ ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ተሾመብኝ እኮ! በርበሬው ለምን እዚህ ተቀመጠ ይለኛል። ሽሮው ስንት ቀን ይበቃል ብሎ ይመዘግባል።» ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም።

ይህን የማነሣው ጡረታ ወጥተው ወይም ሊወጡ ተቃርበው «እንግዲህ ምን ቀረኝ?» ለሚሉ አንባቢዎች ነው። ብዙ ቀርቶዎታል። ነገር ግን ቁጭ ብለው ከጠበቁት አይመጣም።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር አንሥተን እንለፈው፤ ሳያነሡ ማለፍ ማሾፍ ይሆናል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ቀመር፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 36 ዓመት ያገለገሉት ጋሽዬ ስሌቱን ገና ጡረታ ሳይወጡ በእርሳስ ሠርተውታል፦ 62.5 በመቶ። በዛሬው የገበያ ዋጋ ይህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጋሽዬን ፊት ያጠቆረው ግን የቀረው 37.5 በመቶ አልነበረም። መሥሪያ ቤት ከደሞዙ ጋር ለሰው የሚሰጠው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሰኞን ከማክሰኞ፣ ጥቅምትን ከሚያዝያ የሚለይበት። እሱ በአንድ ጊዜ ቆመ። ጡረታን ሰው አንድ ረጅም እሁድ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ እሁድ ግን የሚጣፍጠው ሰኞ ስላለ ነው።

ነገሩን የቀየሩት ወንድማቸው ናቸው። ከቢቸና፣ ከጎጃም፣ ለዐይን ሕክምና የመጡ ታላቅ ወንድማቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ገበሬ። ወሩ ሰኔ ነበር። ሽማግሌው ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ሰማዩን ያያሉ፣ የዝናቡን አመጣጥ ያዳምጣሉ፤ ማሳቸውን ጥለው መጥተው እንቅልፍ የለም። አንድ ጠዋት ታናሽ ወንድማቸውን «ዛሬ ስንት ነው ቀኑ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽዬ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ፤ መቁጠሪያው ጡረታ የወጡበት ግንቦት ላይ እንደተገለጠ ነው። አልገለጡትም ነበር።

«ሃያ አንድ ነው፤ ማርያም ናት» አሉ ገበሬው። «አንተ ሰኔ የለህም እንዴ?»

ጋሽዬ ይህን ሲያወሩኝ «ደሞዝህ ስንት ቀረ ብሎ ቢጠይቀኝ እንዲያ አልደነግጥም ነበር» ብለውኛል። በዚያው ሳምንት ባለ ሽፋን ደብተር ገዙ። ዐሥራ ሦስት ገጽ ከፈሉ፤ ለየወሩ አንድ፣ ለጳጉሜንም አንድ። በየገጹ ራስጌ የወሩን ስም፣ ከሥሩ «በዚህ ወር የእኔ ሥራ» የሚል ጻፉ። ባዶውን ለመሙላት ግን አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀባቸው።

ፈረንጆቹ ይህንኑ ችግር በግንብ ሊፈቱት ሞክረዋል። አሜሪካ ውስጥ፣ አሪዞና በረሃ ላይ፣ ሰን ሲቲ የተባለው የጡረተኞች ከተማ በሩን የከፈተው በጃንዋሪ 1 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤቱ፣ የጎልፍ ሜዳው፣ መዋኛው፣ ሁሉ ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መንደር የለም። ጧሪ ቀባሪ ያጡትን የሚያነሣ እንደ መቄዶንያ ያለ ማዕከል አለን፤ ቢንያም በለጠ የመሠረተው፣ የብዙ ሰው እጅ ያለበት ታላቅ ሥራ ነው። ልጅ፣ ቤትና ጎረቤት ላለው ጡረተኛ ግን የታጠረ ግቢ አልተሠራም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አለ። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ የእኛ የጡረተኞች መንደር የተሠራው በቀን መቁጠሪያ ነው። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ ጾሙና ፍስኩ፣ ዝናቡና ፀሐዩ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። መግባት ብቻ ነው የሚፈለገው።

የሰፈራችን ስም ራሱ ከመሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገርመኛል። ካዛንቺስ የሚለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመጣው «ካዜ ኢንቺስ» የተገኘ ነው፤ ኢንቺስ ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው ተቋም ምሕጻረ ስም ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የቢሮ ሰው ሰፈር ነው። ጣሊያኑ ሄደ፣ ስሙ ቀረ፣ የእኛ ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ኖሩበት፣ ጡረታም ወጡበት።

እስቲ ከክረምት እንጀምር፤ ጋሽዬም ከእሱ ነው የጀመሩት። በአቆጣጠራችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል፤ ጉልበት ያለው ሰው እንኳ በሐምሌ ጨለማ ልቡ ይጠባል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ደግሞ ይብሳል። ፈረንጅ እርጅናን በክረምት ሲመስል ሁሉ ነገር የደረቀበትን፣ ዛፉ የተራገፈበትን፣ በረዶ ያለበሰውን ጊዜ እያሰበ ነው። ያ ምሳሌ በትምህርት ቤት መጽሐፍና በፊልም ወደ እኛም ገብቶ፣ «የሕይወቴ ክረምት» ብሎ የሚያዝን ኢትዮጵያዊ አይቻለሁ። ወገኔ፣ የማን ክረምት ነው የሚያዝኑበት? የእኛ ክረምት ዘር ከአፈር የሚገባበት፣ ጤፍ የሚዘራበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት ወቅት ነው። የሚያልቀውም በአደይ አበባ ነው። የሕይወትዎ ክረምት ገብቶ ከሆነ እንኳን ገባ፤ ይዝሩ።

ምን ይዘሩ? በካዛንቺስ ማሳ የለም። ልጆች ግን አሉ። ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የልጅ ልጁም የጎረቤቱም ልጅ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውልበት ጊዜ ነው። ጋሽዬ በሐምሌ ገጻቸው መጀመሪያ የጻፉት «ሒሳብ፣ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት» የሚል ነው። በረንዳቸው ላይ አምስት ልጆች ሰበሰቡ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ ድምፃቸው ስለማይሰማ ጣታቸውን እያነሡ ያስተምሩ ነበር። እርስዎ ሒሳብ ባይሆንልዎ ሌላ ይኖርዎታል። ለገሐር አካባቢ ከድሮው ምድር ባቡር የወጡ፣ ፈረንሳይኛ አፋቸው ላይ የቀረ ሽማግሌዎችን የሚያውቅ ሰው እኔ ምን እንደምል ይገባዋል፤ ያ ቋንቋ ቡና ቤት ማኪያቶ ላይ ብቻ ተነግሮ ማለቅ አልነበረበትም።

በነሐሴ ገጽ ላይ ጋሽዬ የጻፉትን አንድ ነገር ለአእምሮ ማፍታቻ ሁሉም ጡረተኛ ቢሞክረው እወዳለሁ፦ ባሕረ ሐሳብ። መጪው ዓመት የማን ዘመን እንደሆነ፣ ዕንቁጣጣሽም በምን ቀን እንደሚውል በወረቀትና በእርሳስ ማግኘት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩ። ለምሳሌ 2018 ከሆነ 7518 ይሆናል። ለ4 ያካፍሉት፤ ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። አሁን 7518ን ከድርሻው ከ1879 ጋር ይደምሩ፤ 9397። ለ7 ሲያካፍሉት 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል። የ2018 መስከረም 1 የዋለውም ሐሙስ ነው። ጋሽዬ ይህን በቡና ሰዓት ለጎረቤት ሲያሰሉ የነበራቸው ፊት፣ ዓመታዊ ሒሳብ ሲዘጉ ከነበራቸው አይለይም ነበር። እትዬም በርበሬያቸው ተረሳላቸው።

ጳጉሜን ላይ ደግሞ ሽማግሌ ሕፃን የሚሆንበት ቀን አለ። ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ይባረካል ተብሎ ልጆች ራቁታቸውን ሲጨፍሩበት፣ አዋቂው ደጅ ወጥቶ ሲጠመቅበት፣ ባልዲ ደቅኖ ሲጠብቀው አድገናል። እናቴ «ብርድ እንዳይመታዎት ጋሽዬ!» እያለች ከመስኮት ስትጮህ፣ ሰውዬው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሰ በራቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመው አይቻቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ጋቢና ትኩስ ሻይ ተዘጋጅቶ እንደነበር ግን ልናገር፤ በዕድሜ የገፋ ሰው በክረምት ሊፈራው የሚገባ ነገር ቢኖር ብርድና አዳላጭ ደረጃ ነው። ምርኩዝ ማፈሪያ አይደለም።

መስከረም ሲጠባ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሰው ዕድለኛ ነው፤ መስቀል አደባባይ እዚሁ ነው። መስከረም 16 ደመራው ሲለኮስ ከተማው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ነገር ግን ለጡረተኛ እኔ የምመክረው ሌላውን መስቀል አደባባይ ነው፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያለውን። ሯጮቹ በእርከኖቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ፤ አንዱን እርከን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይወጣሉ፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ። መሐል ላይ ቱታ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ያያሉ። ማንም አይገፋቸውም። ወጣቶቹ ሲያልፉ «አይዞዎት አባባ» ይላሉ። ጋሽዬ ከመስከረም እስከ ግንቦት በሳምንት ሦስት ቀን ከካዛንቺስ እስጢፋኖስ ድረስ በእግራቸው ወርደው፣ ሁለት እርከን ሄደው፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሱ ነበር። በጀመሩ ሰሞን ሲመለሱ ቤታቸው ሳይደርሱ ሁለት ጊዜ ያርፉ እንደነበር፣ ኅዳር ላይ ግን አንድ ጊዜም እንዳላረፉ በደብተሩ ተጽፏል። የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ይመዘገባል።

በነገራችን ላይ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አረጋውያን ቀን ብሎ የሰየመው ኦክቶበር 1 በአብዛኛው ዓመት የሚውለው በመስከረም 21፣ በግሸን ማርያም ቀን ነው። ለልጆችዎ ይንገሯቸው። ስጦታ ቢያመጡ አይከፋም።

ከመስከረም 26 መፀው ይገባል። አበባ ነው፣ ከዚያም አዝመራ ነው። ወቅቱ የዓመቱ ምርጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጠዋቱ ይቆረቁራል፣ ረፋዱ ይሞቃል። ኅዳር 12 ደግሞ የሽማግሌ ሥራ ያለበት ቀን ነው። ኅዳር ሲታጠን ልጆች ቆሻሻ ሰብስበው ያቃጥላሉ፤ ለምን እንደሆነ ቢጠይቋቸው ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን በኅዳር ሲመታ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው እንዳለቀ፣ ስሙም የኅዳር በሽታ እንደተባለ ከአያቶቻቸው አፍ የሰሙ ሰዎች የመጨረሻዎቹ ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉት ናቸው። ጢሱ አጠገብ ቆሞ ይህን ለልጅ መንገር ሥራ ነው። ደሞዝ የለውም። ሌላ ሠራተኛ ግን ሊቀጠርበት አይችልም።

በጋ ከታኅሣሥ 26 ይጀምራል፤ ገናና ጥምቀት ይከታተላሉ፣ ጥር 15 ቂርቆስ ነው፣ ጥር 22 ኡራኤል ነው፣ ሰፈራችን በእግሩ አይቆምም ነበር። ጥር የሰርግ ወር ነው። እዚህ ላይ የቋንቋችንን ብልሃት ልብ ይበሉ። «ሽማግሌ» ስንል ያረጀ ሰው ማለታችን ነው፤ አስታራቂና አማላጅ ማለታችንም ነው። «ሽምግልና» ዕድሜም ነው፣ ሥራም ነው። ዕድሜውን ራሱን የሥራ መጠሪያ ያደረገ ሕዝብ መሐል እየኖሩ «ሥራ ፈታሁ» ማለት ከመዝገበ ቃላቱ ጋር መጣላት ነው። «ጡረታ» የሚለውም ቢሆን ከ«ጦረ» የመጣ ነው፤ መጦር፣ መደገፍ፣ ማኖር። መንግሥት ይጦርዎታል፤ እርስዎ ደግሞ የሚጦሩት አያጡም።

በመጀመሪያው ጥር ጋሽዬን ሦስት ቤት ሽማግሌ ላካቸው። እስከዚያ ድረስ ለእንዲህ ያለው ነገር «ቢሮ አለብኝ» የሚሉ ሰው ነበሩ። አንዱ ልጅ ድሃ ነው ተብሎ ሊመለስ ሲል፣ የልጅቷን አባት ከግቢ ውጭ ይዘዋቸው ወጥተው አንድ ሰዓት ያህል ቆመው አወሩ። ምን እንዳሏቸው እስካሁን አልነገሩንም። ሰርጉ ተሠርጓል። በዚያው ዓመት ስለ አንድ የግቢ ግንብ ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ ጎረቤቶችን ለማስታረቅ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ እሱንም ጽፈውታል፣ «ዘንድሮ አልሆነም፣ ለዐቢይ ጾም መግቢያ እንደገና» ብለው። ይህች «እንደገና» የምትለዋ ቃል ናት እኔን የምታስደስተኝ። ቀኖቹ ሁሉ አንድ በሆኑበት ሰው ዘንድ «እንደገና» የለም፤ ወቅት ላለው ሰው ግን የከሸፈ ነገር ሁሉ የሚመለስበት ቀጠሮ አለው።

ጸደይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ፋሲካ የሚያርፍበት፣ የበልግ ዝናብ የሚመጣበት ነው። ስለ ፋሲካ ምን እላለሁ፤ 55 ቀን የጾመ ሰው ራሱ ያውቀዋል። ግንቦት 1፣ የልደታ ዕለት፣ ሰፈርተኛው ደጅ ላይ እሳት አንድዶ ንፍሮ ቀቅሎ አብሮ ሲበላ፣ ዓመቱን ሙሉ ቤቱን ዘግቶ የከረመ ሰው እንኳ ወንበር ይዞ ይወጣል። ብቸኛ የሆነ ጡረተኛ ጎረቤት ካለዎት በዚያ ቀን በሩን ያንኳኩ።

ወቅት የክርስቲያን ብቻ መስሎ እንዳይታይብኝ። የጋሽዬ የቡና ጓደኛ ሐጂ ናቸው፤ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ኖረው ሱቁን ለልጃቸው የለቀቁ። የእስልምናው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል፤ በ33 ዓመት አካባቢ ተነሥቶ ወደነበረበት ይመለሳል። ሐጂ ስለዚህ በሐምሌ ዝናብም፣ በየካቲት ፀሐይም ጾመዋል፤ ከአንድ ዙር በላይ። «እናንተ በዓሉን ቁጭ ብላችሁ ትጠብቁታላችሁ፣ የእኛ እየተጓዘ ይመጣል» ብለው ጋሽዬን ይቀልዱባቸዋል። ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው አቦሉን፣ ቶናውን ጠጥተው በረካው ሲደርስ ነው ጨዋታው የሚደምቀው። ቀጭን ነው በረካ፤ ግን ምርቃቱ ያለው እዚያ ነው፣ ተነሥቶ የሄደ ሰው ያመልጠዋል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ፣ ሰፈራችን ፈረሰ። ከፊሉ ሰው ወደ ገላን ጉራ፣ ከፊሉ ወደ ሌላ ሌላ ቦታ ሄደ። የአዝማሪ ቤቶቹም፣ የእድራችን ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ቤትም፣ ልጆቹ ሒሳብ የተማሩበት በረንዳም የለም። አነቃቂ ጽሑፍ ስለሆነ ብዬ «ለበጎ ነው» አልልም፤ አርባ ዓመት የተኖረበት ግቢ ሲፈርስ ያለቀሰ ሰው ተሳስቷል የሚለኝ ካለ አብሬው አልቆምም። እናቴ የጓሮዋን ጤና አዳም ነቅላ በቆርቆሮ ይዛ ነው የወጣችው።

ነገር ግን አንድ ነገር አየን። ግንቡ ሲፈርስ መቁጠሪያው አልፈረሰም። በየወሩ በ22 የኡራኤል ማኅበር አለ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ጋሽዬ ናቸው። ከገላን ጉራ በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ። ሐጂም በዚያው ቀን ከልጃቸው ቤት ተነሥተው ይመጡና፣ ማኅበሩ ሲበተን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ባለች ትንሽ ቡና ቤት ይጠብቋቸዋል። ስድስት ዓመት የተኳረፉት ጎረቤቶችስ? የተጣሉበት ግንብ ፈረሰ፤ አዲሱ ቦታ ላይ በአጋጣሚ አንድ ደረጃ ደርሷቸው ሰላምታ ጀምረዋል አሉ። ጋሽዬ ግን ይህን በራሳቸው ሥራ ላይ ለመመዝገብ ፈቃደኛ አልሆኑም፤ «ግሬደሩ ነው ያስታረቃቸው» ይላሉ።

ደብተር ይግዙ ብዬ አላዝዎትም፤ ደብተር የማይወድ ሰው አለ። ግን አሁን ያሉበትን ወር ያስቡ፣ በዚህ ወር ካልተደረገ ለከርሞ የሚያልፍ አንድ ነገር ይምረጡ፣ እና ለአንድ ሰው ይንገሩ። ከነገሩ በኋላ ማፈግፈግ ይከብዳል፤ የእድር ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ማታ ስልኬ ጮኸ። ጋሽዬ ናቸው። ሰላምታውን በአጭሩ ጨረሱት።

«አሸንዳውን ጠረግህ?»

«ኧረ ጋሽዬ፣ አሁን ያለሁት ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው የእናትህን ጤና አዳም ከዝናቡ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ውኃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። ደግሞ ሃያ ሁለትን እንዳትረሳ። እኔ አሥራ አንድ ተኩል እነሣለሁ።»

በ22 ኡራኤል በር ላይ አገኘኋቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ የማኅበሩ መዝገብ የገባበት ያ ቦርሳ ብብታቸው ሥር። ጫማቸው ጭቃ ነክቶታል። እኔን ሲያዩ የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«አርፍደሃል» አሉኝ።